ኳሷን ትታችሁ እግሩን እዩ፦ ወጣት ላይንማንን በነሐሴ የመመዘን ዘዴ

እግር ኳስ እያየ ያደገ ዓይን ኳሷ ወደሄደችበት ይሄዳል። እኔም ሜሪላንድ ከገባሁ በኋላ ለብዙ ዓመት የአሜሪካን ፉትቦል ያየሁት እንደዚያው ነበር፤ ጨዋታውን የሚመራው ኳርተርባክ ኳሷን ሲወረውር፣ ሯጩ ይዟት ሲያመልጥ። ፊት ለፊት ተደርድረው የሚገፋፉትን አምስት ግዙፍ ሰዎች እንደ አጥር ነበር የምቆጥራቸው። አጥር ደግሞ ካልፈረሰ ማን ያየዋል? ልጄ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገብቶ ጋርድ ላይ ሲመደብ ግን ነገሩ ተለወጠ። የመጀመሪያው ጨዋታ ካለቀ በኋላ «አባዬ፣ እንዴት ነበርኩ?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም። ለካ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀምጬ ልጄን አንዴም አላየሁትም።

ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን ነው እዚህ የምጽፈው። ኤንኤፍኤልን፣ የአሜሪካን ፉትቦል ትልቁን ሊግ፣ ለምትከታተሉና በየዓመቱ ክረምቱ ሲገባደድ «ቡድናችን ያመጣው ልጅ ይሆናል ወይስ አይሆንም?» እያላችሁ ለምትከራከሩ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ የወር ስሞቹን ግን በእኛው ጠርቻቸዋለሁ።

ሰዎቹን እናስተዋውቅ። መሐል ላይ ኳሷን ከመሬት አንስቶ ወደ ኋላ የሚሰጠው ሴንተር ነው፤ ይህችን ቅጽበት ስናፕ ይሏታል። በግራና በቀኙ ሁለት ጋርዶች፣ ከእነሱ ውጭ ጫፍና ጫፍ ላይ ሁለት ታክሎች ይቆማሉ። አምስቱም ላይንማን ይባላሉ። ሥራቸው ኳርተርባኩን ሊጥል የሚመጣውን ማገድና ለሯጩ መንገድ መክፈት ነው። የሚመጣውን ሰው ከዚህ በኋላ አሳዳጁ እለዋለሁ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልብ በሉ። ወጣት ላይንማን በነሐሴ ይሸነፋል፤ የማይሸነፍ የለም። ስንቴ ተሸነፈ ብሎ መቁጠር ለማንም ቀላል ነው። እኛ የምንፈልገው እንዴት እንደተሸነፈና ከዚያ በኋላ ምን እንዳደረገ ነው።

1. የሰኔን ወሬ ተዉት

በግንቦትና በሰኔ የሚደረገው ልምምድ ያለ ፓድ፣ ማለትም ያለ መከላከያ ትጥቅ፣ ነው፤ መጋጨትም ክልክል ነው። ተቀባይ ሲሮጥ ወይም ኳርተርባክ ሲወረውር አይቶ የሆነ ነገር መናገር ይቻላል። ላይንማንን ያለ ፓድ መመዘን ግን ጭነት ሳይጭኑ በቅሎ እንደ መግዛት ነው። «ልጁ በጣም ተሻሽሏል» የሚል ዜና በሰኔ ካነበባችሁ ፈገግ ብላችሁ እለፉት።

እውነተኛው ምዘና የሚጀምረው በሐምሌ ካምፑ ተከፍቶ ፓድ ሲለበስ ነው። እሱም ቢሆን የተቆጠረ ነው። ሊጉና የተጫዋቾቹ ማኅበር በ2020 ባደረጉት ስምምነት በካምፕ ወቅት በፓድ የሚደረግ ልምምድ ከ16 አይበልጥም፤ በቀን ሁለቴ ፓድ ለብሶ መጋጨት ደግሞ ከ2011 ጀምሮ ቀርቷል። መደበኛው ውድድር በ2021 ወደ 17 ጨዋታ ሲያድግ ፕሪሲዝኑ፣ ማለትም ከውድድሩ በፊት በነሐሴ የሚደረገው የሙከራ ጨዋታ፣ ከ4 ወደ 3 ወርዷል። ስለዚህ አንድ ጀማሪ ከእውነተኛ ባላጋራ ጋር የሚገጥምበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ እያንዳንዱ ስናፕ ዋጋ አለው።

2. ጨዋታው ሳይጀመር አንድ ገጽ ሙሉ

ደብተር አውጡ። የምትከታተሉትን ልጅ ስም፣ የመለያ ቁጥር (የላይንማን ቁጥር ከ50 እስከ 79 ነው)፣ ቁመቱን፣ ክብደቱን፣ ኮሌጅ ውስጥ በየትኛው በኩል እንደተጫወተና ስንት ጨዋታ እንደጀመረ ጻፉ። አሁን የት እንዳስቀመጡትም ጨምሩ። ሁለትና ቢበዛ ሦስት ልጆች ምረጡ፤ አምስቱንም አያለሁ የሚል አንዱንም አያይም።

ቀጥሎ የክንድ ርዝመት። ታክል ክንዱ ረዘም ሲል አሳዳጁ ደረቱ ላይ ሳይደርስ ቀድሞ ይይዘዋል። መልማዮች ለታክል 86 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ይወዳሉ፤ ከ84 ሲያንስ «ይህስ ጋርድ ይሆናል» ማለት ይጀምራሉ። በ2021 በ13ኛ ምርጫ (ቡድኖች በየዓመቱ የኮሌጅ ልጆችን ተራ በተራ የሚወስዱበት ነው) ወደ ቻርጀርስ ቡድን የሄደው ራሾን ስሌተር ክንዱ 84 ገደማ ነበር፤ በግራ ታክልነት ተሰልፎ በመጀመሪያ ዓመቱ ከሊጉ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋቾች በሁለተኛው ዝርዝር ውስጥ ገባ። በ2023 በ11ኛ ምርጫ ቴነሲ የወሰደው ፒተር ስኮሮንስኪ ደግሞ 82 ገደማ ነበር፤ ቡድኑ ወደ ጋርድ አዛወረው። ስለዚህ አጭር ክንድ ፍርድ አይደለም፤ ስታዩት የምትጠይቁት ጥያቄ ነው። አሳዳጁ ቀድሞ ደረቱን እየያዘው ነው? ካልሆነ ሴንቲ ሜትሩን እርሱት።

በየካቲት ኢንዲያናፖሊስ ላይ የሚደረገውን የመለኪያ ሳምንት ብዙ ሰው ይወደዋል። ላይንማኖች 36 ሜትር ከግማሽ ይሮጣሉ፣ 102 ኪሎ ብረት ደረታቸው ላይ ደጋግመው ያነሳሉ። እኔ ብረቱን ብዙም አላየውም። ከሩጫው ውስጥ የማየው የመጀመሪያውን 9 ሜትር ነው፤ ላይንማን በሜዳ ላይ 36 ሜትር በቀጥታ የሚሮጠው ስንቴ ነው? በ2020 መኪ ቤክተን 165 ኪሎ ይዞ ርቀቱን በ5.10 ሰከንድ ጨረሰ፤ አገር ተደነቀ። ኒውዮርክ ጄትስ በ11ኛ ምርጫ ወሰደው። ከዚያ ጉልበቱ ላይ ጉዳት ተከታተለበት። ሰዓቱ ፍጥነቱን ለካ እንጂ ስለ ጉልበቱ መገጣጠሚያ አልነገረንም። ሰውየው ግን አልጠፋም፤ ፊላደልፊያ ሄዶ ከታክል ወደ ቀኝ ጋርድ ዞረና በ2025 የካቲት ሱፐር ቦውልን (የሊጉን የፍጻሜ ጨዋታ) ያሸነፈው መስመር አባል ሆነ።

የጤና ታሪክ ሌላ ነገር ነው፤ እኛ ተመልካቾች ሐኪም ስላልሆንን ተጠንቅቀን እንጻፈው። ትሬይ ስሚዝ ሳንባው ውስጥ የደም መርጋት ስለነበረበት በ2021 እስከ 6ኛው ዙር፣ እስከ 226ኛ ምርጫ ወረደ። ካንሳስ ሲቲ ወሰደው፤ በዚያው ዓመት ከመጀመሪያው ጨዋታ ጀምሮ ቀኝ ጋርድ ሆኖ ተሰለፈ። ዝቅ ብሎ ስለተመረጠ ዝቅ አድርጋችሁ አትዩት ለማለት ነው።

እዚህ ገጽ ላይ በጣም ወፍራም መስመር የማሰምርበት ነገር ልጁ የተጫወተበት ጎን ነው። ከግራ ወደ ቀኝ ማዛወር ከውጭ ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ ቦታው ያው ታክል ነው አይደል? ለሰውየው ግን ሁሉም ነገር ይገለበጣል። ወደ ኋላ የሚሄደው እግር፣ ቀድሞ የሚመታው እጅ፣ ክብደት የሚሸከመው ጉልበት። ዕድሜ ልኩን በቀኝ እጁ የጎረሰ ሰው እንጀራውን በግራ ይጉረስ እንደ ማለት ነው። መጉረሱን ይጎርሳል፤ ወጡ ግን ይፈስበታል። የዲትሮይቱ ፔኔይ ሱዌል በ2021 በ7ኛ ምርጫ ሲመጣ በኦሪገን የግራ ታክል ነበር፤ የ2020ን የኮሌጅ ውድድርም በወረርሽኙ ምክንያት አልተጫወተም። ቀኝ ላይ አስቀመጡትና በፕሪሲዝኑ ሲንገዳገድ ያየ ሁሉ «ተበላን» አለ። በ2023 ከሊጉ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋቾች በአንደኛው ዝርዝር ውስጥ ገባ፤ በቀኝ ታክልነት። የእኛው ሰፈር ቡድን ዋሽንግተንም በ2025 በ29ኛ ምርጫ ጆሽ ኮነርሊን ከዚያው ከኦሪገን አምጥቶ፣ ግራውን ላረሚ ተንሲል ስለያዘው፣ ወደ ቀኝ አዛውሮታል። እንዲህ ያለውን ልጅ ስትመዝኑ የመጀመሪያውን ጨዋታ ከሒሳብ አውጡት ባይ ነኝ።

3. አተያይ

ጨዋታውን ቅዱት። አንዴ እንደ ሰው እዩት፣ ቡናችሁን ጠጡ፣ ተሳደቡ። ሁለተኛ ስታዩት ኳሷ የለችም ብላችሁ ቁረጡ። ቡድኑ ተሰብስቦ ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ ዓይናችሁ አንዱ ልጅ ላይ ይሁን፤ ፊሽካው እስኪነፋ አትልቀቁት። መጀመሪያ ላይ ይከብዳል። ሕዝቡ ሲጮህ ዓይን ወደ ጩኸቱ ይሸሻል። ከ10 ስናፕ በኋላ ይለምዳል።

ካሜራው ከጎን ስለሚያነሳ እጅና ደረት አይለዩም። ከኳርተርባኩ በስተ ጀርባ የተነሳ ድጋሚ ምስል ሲመጣ አቁሙና ደጋግማችሁ እዩ፤ የላይንማን ሥራ የሚነበበው ከዚያ በኩል ነው። የዋሽንግተን ቡድን ወደሚጫወትበት ላንዶቨር ስታዲየም ድረስ የምትሄዱ ከሆነም ከግቡ በስተ ጀርባ ያለውን መቀመጫ ግዙ። ሌላው ሰው «ሩቅ ነው» ብሎ የሚተወው ቦታ ለእኛ ሥራ ከሁሉ ይበልጣል።

በየስናፑ አንድ ፊደል ጻፉ፦ አ ለአሸነፈ፣ ተ ለተሸነፈ፣ እ ለእኩል። ከተሸነፈ ደግሞ ምክንያቱን በሁለት ቃል። 20 ስናፕ ካገኛችሁ ለአንድ ማታ በቂ ነው።

4. እግር

እዚህ ላይ ረጋ እንበል፤ ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙ።

ኳርተርባኩ ሊወረውር ሲል ታክሉ ወደ ኋላና ወደ ጎን ይሄዳል። ውጭኛውን እግሩን ወደ ኋላ ይሰነዝራል፣ ውስጠኛውን ይስባል፣ እንደገና ይሰነዝራል። ይህን ኪክ ይሉታል። የመጀመሪያዋ እርምጃ ከስናፑ ጋር እኩል መነሳት አለባት። አሳዳጁ ሁለት እርምጃ ሄዶ ልጁ ገና የመጀመሪያውን እያነሳ ከሆነ ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው፤ የቀረውን መንገድ በሩጫ ሊሞላው ይሞክራል፣ ሲሮጥ ይዞራል፣ ሲዞር የውስጡን በር ይከፍታል።

ሦስት ነገር ፈልጉ። አንደኛ፣ እግሮቹ በትከሻው ስፋት ይቆያሉ ወይስ ተረከዙ ከተረከዙ ይጋጫል? የተጋጨ ተረከዝ ማለት በዚያች ቅጽበት በጣት ቢነካ የሚወድቅ ሰው ማለት ነው፤ ጎበዝ አሳዳጅ የሚጠብቀውም ያቺን ነው። ሁለተኛ፣ እርምጃው መሬት ለመሬት ነው ወይስ ይዘላል? ሁለት እግሩ አየር ላይ የሆነ 145 ኪሎም ቢሆን ላባ ነው። ሦስተኛ፣ ወደ ኋላ የሚሄድበት ማዕዘን። ሰፍቶ ወደ ውጭ ከሄደ በእሱና በጋርዱ መካከል መንገድ ይከፈታል፤ በቀጥታ ወደ ኋላ ከወረደ ደግሞ አሳዳጁን ኳርተርባኩ ጭን ላይ ወስዶ ያስቀምጠዋል።

ይህን ለማየት የሚረዳ ቀላል ዘዴ አለኝ። ስልኬን አውጥቼ የሰውየውን የላይኛ አካል በእጄ እሸፍነዋለሁ፤ ምስሉ ላይ እግር ብቻ ይቀራል። ባለቤቴ መጀመሪያ ያየችኝ ቀን ቴሌቪዥኑ ተበላሽቷል ብላ ነበር። ትከሻና ጡንቻ ያታልላል። እግር አያታልልም፤ ሁለት ማታ እግር ብቻ ካያችሁ በኋላ የማን እርምጃ እርጋታ እንዳለው ሳይነግሯችሁ ታውቃላችሁ።

እግር ይማራል ወይስ አብሮ ይወለዳል? ግማሽ ግማሽ። ማዕዘኑን አሠልጣኝ ያስተካክላል። ፍጥነቱን ግን አይሰጥም። ለዚህ ነው ፊላደልፊያ በ2018 በ7ኛው ዙር ጆርዳን ማይላታን የወሰደው። አውስትራሊያዊ ነው፣ ራግቢ ነበር የሚጫወተው፣ በሕይወቱ አንድም የአሜሪካን ፉትቦል ጨዋታ አልተጫወተም ነበር። ቁመቱ ከ2 ሜትር በላይ ሆኖ እንደ ትንሽ ሰው ይንቀሳቀስ ነበር። የመስመሩ አሠልጣኝ ጄፍ ስታውትላንድ ሁለት ዓመት ሠራበት፤ በ2020 የግራ ታክል ሆኖ መሰለፍ ጀመረ። በ2018 ነሐሴ ያየው ሰው ከጥፋቱ ሌላ ምንም አላየም ይሆናል፤ እግሩን ያየ ግን ተስፋ አይቷል።

5. ወገብና ጉልበት

ኩንታል የሚያነሳ የመርካቶ ኩሊ አስታውሱ። ልምድ ያለው በጉልበቱ ታጥፎ ወገቡን ቀጥ አድርጎ ይነሳል፤ አዲሱ በወገቡ ያጎነብስና ማታ ያቃስታል። ላይንማንም ያው ነው። ጭንቅላቱ ከእግሩ ጣት ቀድሞ ከወጣ ክብደቱ ወደ ፊት ሄዷል ማለት ነው፤ አሳዳጁ እጁን ይዞ ጎተት ሲያደርገው በአፍጢሙ ይደፋል። የወጣቶች ትልቁ በሽታ ይህ ነው። ኮሌጅ ውስጥ ከሁሉም ስለሚበልጥ ደገፍ ብሎ ያሸንፍ ነበር፤ እዚህ የሚደገፉት ሰው ዞር ይላል።

ቀጥ ብሎ ደረቱ ላይ የሚመጣበት አሳዳጅም አለ። ሁለት ሦስት እርምጃ ተገፍቶ ከዚያ መትከል ከቻለ እ ስጡት። እስከ ኳርተርባኩ ድረስ እንደ ጋሪ ከተገፋ መጥፎ ነው፤ ግን ዕድሜውን እዩ። የ21 ዓመት ልጅ የታችኛው አካሉ ገና አልጠነከረም፤ አንድ ዓመት የክብደት ክፍል ውስጥ ብዙ ይለውጣል።

ትግል የታገሉ ልጆች እዚህ ላይ ይለያሉ። ክብደታቸው የት እንዳለ ሰውነታቸው ያውቃል። ትሪስታን ዊርፍስ በአይዋ የሁለተኛ ደረጃ ትግል ሻምፒዮን ነበር። በ2020 ምርጫ ሦስት ታክሎች ከተወሰዱ በኋላ በ13ኛ ወደ ታምፓ ሄደ፤ በዚያው የመጀመሪያ ውድድሩ ሱፐር ቦውል አሸነፈ።

6. እጅ

እጅ በፍጥነት የሚያልፍ ነገር ነው፤ በዝግታ ካልታየ አይያዝም። መዳፎቹ የሚያርፉት የት ነው? በአሳዳጁ ደረት ላይ ከሆነ ጥሩ። ትከሻው ላይ ወይም ከብብቱ ውጭ ከሆነ ዳኛው ቢጫ ጨርቁን ለመጣል ምክንያት አገኘ፤ መያዝ 10 ያርድ (9 ሜትር ገደማ) ወደ ኋላ ያስቀጣል። ሁለቱን እጅ አንዴ የሚወረውር ልጅ ቢስት ባዶ ይቀራል፤ አንዱን ልኮ አንዱን የሚያስቀር ግን ነገሩ ገብቶታል። ከስናፑ በፊት መነቃነቅ 5 ያርድ ነው። አንዴ ቢሆን ጭንቀት ነው፤ በአንድ ማታ ሁለቴ ቢደገም አሳዳጁን መፍራት ጀምሯል ማለት ነው።

እጅ ይማራል። በእጅ ብቻ የሚያጠፋን ልጅ አትጣሉ።

7. ራስ

ሁለት አሳዳጆች ቦታ ይለዋወጣሉ፤ አንዱ ወደ ውስጥ ገብቶ ሲያጨናንቅ ሌላው ከጀርባው ዞሮ ይገባል። ይህን ስተንት ይሉታል። ታክሉና ጋርዱ በዚያች ሰከንድ ሰውየውን አንዱ ለሌላው አሳልፈው መስጠት አለባቸው። ወጣቱ የራሱን ሰው ተከትሎ ከሄደና የጎረቤቱን መንገድ ከዘጋ ሁለቱም ተበሉ።

ችግሩ በፕሪሲዝን የመከላከል አሠልጣኞች ምስጢራቸውን አያወጡም። ቀላል ቀላሉን ነው የሚያሳዩት። ስለዚህ ልጁ በስተንት አልተታለለም ብላችሁ አትመስክሩለት፤ አልተጠየቀም። የተሻለ መለኪያ አለ። ማንም ሳይመጣበት ሲቀር ምን ያደርጋል? ብልህ ላይንማን ራሱን ዞር ዞር አድርጎ ሥራ ይፈልጋል፣ ጎረቤቱ የያዘውን በትከሻው ያግዛል። ሌላው እንደ እንግዳ ቆሞ ያያል። ሴንተር ከሆነ ደግሞ ከስናፑ በፊት ጣቱን እዩ፤ እየጠቆመ፣ እየተናገረ ነው? ወይስ ጋርዶቹ ናቸው የሚነግሩት?

8. ሯጩ ሲሄድ

በሩጫ ላይ ወጣቶች ቶሎ ያምራሉ፤ ወደ ፊት መግፋት ተፈጥሯዊ ነው። ስለዚህ ብዙ አልቆይበትም። ሁለት ላይንማኖች አንድን ሰው አብረው ገፍተው አንደኛው ተላቅቆ ከኋላ ያለውን ላይንባከር (ከመከላከያው የፊት መስመር ጀርባ የሚቆመውን) ሊይዝ ሲሄድ እዩት። ቶሎ ከተላቀቀ የመጀመሪያው ሰው አልተገፋም፤ ከዘገየ ላይንባከሩ አልፏል። ያንን ጊዜ የሚያውቅ ጀማሪ ካያችሁ ስሙ ላይ ኮከብ አድርጉ።

9. ሳክ ሲቆጠር ጥፋቱ የማን ነው?

ኳርተርባኩ ኳሷን እንደያዘ ሲወድቅ ሳክ ይባላል፤ ወዲያው ጣት የሚቀሰረው ወደ ላይንማኑ ነው። ሰዓት ያዙ። ኳሷ አብዛኛውን ጊዜ ከ2.5 እስከ 3 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ መውጣት አለባት። ልጁ 3 ሰከንድ ይዞ ኳርተርባኩ ገና የሚዞር ከሆነ ግማሹን ጥፋት ለኳርተርባኩ ጻፉ። በፕሪሲዝን ሁለተኛ አጋማሽ የሚጫወቱት ኳርተርባኮች ራሳቸው ሥራ ፍለጋ ላይ ያሉ ናቸውና ይህ ብዙ ጊዜ ይሆናል። የተገላቢጦሹም አለ። ልጁ በአንድ ሰከንድ ተበልቶ ኳሷ ቶሎ ስለወጣች ማንም ሳያየው ይቀራል። ደብተራችሁ ላይ ግን ተ ነው።

10. ከማን ጋር?

በአንደኛው ሩብ ከዋና ተሰላፊ ጋር እኩል የወጣና በአራተኛው ሩብ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ከሚሰናበት ሰው ጋር አምስት ጊዜ ያሸነፈ አንድ አይደሉም። የባላጋራውን ቁጥር ጽፋችሁ ማን እንደሆነ ፈልጉ። ፍትሐዊ ለመሆን ሌላም ነገር ጨምሩ፤ በመደበኛው ውድድር አሠልጣኝ ለደካማ ታክል አጋዥ ይልካል፣ በፕሪሲዝን ግን ሆን ብሎ ብቻውን ሊተወው ይችላል፤ ሊያየው ይፈልጋላ። ስለዚህ ብቻውን ተትቶ መሸነፉ ታግዞ ከማሸነፍ ይልቅ ብዙ ሊነግረን ይችላል።

11. የተ ፊደሎቹን ለዩ

ጨዋታው አለቀ፤ ደብተሩ ላይ 6 ተ አለ እንበል። አሁን በሦስት ክምር አስቀምጧቸው።

የመጀመሪያው ክምር የሚማር ጥፋት ነው፦ እጅ ቀድሞ መላክ፣ የተሳሳተ ማዕዘን፣ የጎረቤትን ጥሪ አለመስማት። ሁለተኛው ጊዜ የሚፈታው ነው፦ መገፋት፣ በአራተኛው ሩብ መድከም። ሦስተኛው ያስጨንቀኛል፦ ከስናፑ ዘግይቶ መነሳት፣ ቁርጭምጭሚት አለመታጠፍ፣ ወደ ውጭ እየሄደ ወደ ውስጥ መመለስ አለመቻል። ወደ ውስጥ መበላት ከሁሉ የከፋ ነው፤ ኳርተርባኩ ጋ የሚደርሰው አጭሩ መንገድ እሱ ነው። በውጭ የተበላ ታክል ቢያንስ አሳዳጁን ዙሪያውን አስሮጦታል።

6ቱም ተ የመጀመሪያው ክምር ውስጥ ከሆኑ ልጁን ውደዱት። 2ቱ ብቻ ሆነው ሁለቱም ሦስተኛው ውስጥ ከሆኑ ስለ ምርጫው ማሰብ ጀምሩ።

ከእያንዳንዱ ተ ቀጥሎ ያለውን ስናፕ ደግሞ በክብ ከበቡት። እኔ ከምንም በላይ የማምነው ያንን ነው። ተሸንፎ ሲመለስ ትከሻው ወርዷል? በሚቀጥለው ስናፕ ለዚያ ለተበላበት ጎን እየፈራ ሌላውን ከፈተ? ወይስ ያንኑ እንቅስቃሴ ዳግም ሲመጣበት አወቀው? በሦስቱ ጨዋታዎች ውስጥ አንድ ዓይነት ብልሃት ሁለቴ የማይበላውን ልጅ አሠልጣኝ አይለቀውም።

ካንሳስ ሲቲን እንደ ልምምድ ውሰዱት። በ2021 የካቲት ሁለቱ ዋና ታክሎች በጉዳት ወጥተው በታምፓ 31 ለ 9 ሲሸነፉ ኳርተርባካቸው ፓትሪክ ማሆምስ ሌሊቱን በሩጫ ነበር ያሳለፈው። በዚያው ክረምት መስመሩን እንዳለ አፈረሱና በጆ ቱኒና በኦርላንዶ ብራውን ልምድ መካከል ሁለት ጀማሪ አስገቡ፤ ሴንተር ላይ በ63ኛ ምርጫ የመጣውን ግራኙን ክሪድ ሃምፍሪን፣ ቀኝ ጋርድ ላይ ከላይ ያነሳሁትን ትሬይ ስሚዝን። ሁለቱም በነሐሴ ቦታቸውን ያዙ። ከሁለት ዓመት በኋላ በ2023 የካቲት በመደበኛው ውድድር 70 ሳክ የሠራው የፊላደልፊያ መከላከያ በሱፐር ቦውል ማሆምስን አንዴም ሳይጥል 38 ለ 35 ተሸነፈ።

12. ከቅነሳው በፊት ፍርዳችሁን ጻፉ

በነሐሴ መጨረሻ እያንዳንዱ ቡድን ከ90 ተጫዋች ወደ 53 ይወርዳል። እዚህ ላይ ብዙ ተመልካች «እንዴት እሱን አስቀርተው እሱን አባረሩ!» ይላል። ሒሳቡን እወቁ። በጨዋታ ቀን ቡድኑ 48 ሰው ማሰለፍ የሚችለው ቢያንስ 8 ላይንማን ካካተተ ነው፤ አለበለዚያ 47 ነው። 8 ማለት 5 ተሰላፊና 3 ተጠባባቂ ማለት ነው፤ 3 ሰው ለ5 ቦታ። ስለዚህ ግራ ታክል ብቻ ከሚችል ጎበዝ ይልቅ ጋርድም ሴንተርም የሚሠራ መካከለኛ ልጅ ይቀራል። በሦስተኛው ጨዋታ ልጃችሁን ከቦታ ቦታ ሲያዛውሩት ካያችሁ አትናደዱ፤ ሊያስቀሩት እያሰቡ ይሆናል። ከተቀነሰም በኋላ 16 ሰው የሚይዝ የልምምድ ቡድን አለ፤ ሌላ ክለብ ካልቀደማቸው ተመልሶ ይገባል።

አሠልጣኙ ስሙን ከማሳወቁ አንድ ቀን በፊት ለየልጁ አንድ መስመር ጻፉ፦ ይሰለፋል፣ ተጠባባቂ ይሆናል፣ ዓመት ይፈልጋል፣ አይሆንም። ከጎኑ ምክንያቱን በሦስት ቃል። በኋላ ላይ የሚጻፍ ፍርድ ዋጋ የለውም፤ ሁሉም ሰው ውጤቱን ካየ በኋላ መልማይ ነው። የእኔን ገጽ ማቀዝቀዣው ላይ እለጥፈዋለሁ። ልጄ በኅዳር ለታንክስጊቪንግ ሲመጣ አንስቶ ጮክ ብሎ ያነበዋል። ባለፈው ዓመት ከአራት ሁለት ስቼ ነበር፤ ሁለቱንም የሳትኩት ትከሻቸውን አይቼ ነው።